ጋሽ ደወልና የማያባራው መልእክት

ሊፍቱ እንደ ልማዱ ተበላሽቶ ነበርና የሆስፒታሉ የኔትወርክ ክፍል ኃላፊና አዲሷ መሐንዲስ ደረጃው ላይ ተገናኙ። ኃላፊው ጡረታ ሊወጡ ሁለት ዓመት የቀራቸው፣ ሥራቸውን እንደ ዓይናቸው ብሌን የሚጠብቁ ሰው ናቸው። እሷ ከተቀጠረች ገና አራተኛ ቀኗ ነው። ኪሳቸው ውስጥ ያለው ስልክ ጩኸቱን ስለማያቋርጥ ሠራተኛው ሁሉ «ጋሽ ደወል» ይላቸዋል፤ እሳቸውም ለምደውታል።

«እንደምን አደሩ ጋሼ?»

«ምን አድራለሁ ልጄ፣ እንቅልፍ በዓይኔ ሳይዞር ነው ያነጋሁት። ባለቤቴ ዛሬ ዘጠኝ ሰዓት ቀጠሮ አለባት። አምና ሳንባዋ ላይ አንዲት ነጥብ ታይታ ነበር። ሐኪሙ የአምናውን ምስል ከዘንድሮው ጋር አስተያይቶ አድጋ እንደሆነ ይነግረናል።»

«አይዞዎት፣ ደግ ያሰማዎት።»

ይህን ሲያወሩ ስልኩ ስድስት ጊዜ ጮኸ። ጋሽ ደወልም ወሬያቸውን ሳያቋርጡ ስድስት ጊዜ «አይቻለሁ» የሚለውን ተጫኑ። ልጅቱ ቢሮ እስኪገቡና እስኪቀመጡ ታገሠች።

«ጋሼ፣ ድፍረት አይሁንብኝና፣ በቀን ስንት መልእክት ይደርስዎታል?»

«ዘጠኝ መቶ፤ ሲበዛ ሺህ። ማንኛውም ሰርቨር ሲያስነጥስ እንኳ እንዲነግረኝ ያዘዝኩት ራሴ ነኝ» አሉ ደረታቸውን ነፋ አድርገው።

ደረት መንፋታቸው ያለ ምክንያት አልነበረም። ከስምንት ዓመት በፊት አንድ ባለሙያ የማተሚያ ማሽኑ መልእክት ሰለቸኝ ብሎ ሲዘጋ የመብራት መቋረጡንም መልእክት አብሮ ዘጋው። ሰርቨሮቹ መጥፋታቸውን ማንም ሳያውቅ፣ ስንቱ በሽተኛ ካርዱ ጠፍቶበት ሲንከራተት ዋለ። ከዚያ ወዲህ ጋሽ ደወል መልእክት መዝጋት የሚባለውን ነገር እንደ ጦር ይፈራሉ። ፍርሃት ግን ደንብ ሲሆን ሰውን ማሳወሩ አይቀርም።

«እንዝጋው አላልኩም፤ እናበጥረው ነው የምለው» አለች ልጅቱ። «እህል ገለባ በዛበት ተብሎ አይጣልም፤ ይበጠራል እንጂ። ‹ደህና ነኝ› እያለ በየአምስት ደቂቃው የሚልከው ሰርቨር ምን ይሠራልናል? ደህና ነኝ ማለቱን ያቆመ ዕለት ይነገረን። ማሽኖቹን የሚያገናኝ አንድ ስዊች ሲወድቅም በእሱ በኩል የሚያልፉት ሃያ ማሽኖች ሃያ ጊዜ ይጮሃሉ። ስለ ስዊቹ አንዴ ቢነገረን አይበቃም?»

«ምን አለፋሽ ልጄ! ያልጠረጠረ ተመነጠረ ሲባል አልሰማሽም? ይብዛ ግዴለም። ከዚች ከአውራ ጣቴ የሚያመልጥ የለም።»

«ከጣትዎስ አያመልጥም፤ ከዓይንዎ ነው እንጂ። ከተቀመጥን ወዲህ አሥራ አራት መልእክት ተጭነዋል። እስቲ አንዱ ምን እንደሚል ይንገሩኝ።»

«አንቺ ልጅ፣ በስተርጅና ፈተና ልታስቀምጪኝ ነው?» አሉ፤ ሊያሳፍሯት ፈልገው ዝርዝሩን ከፈቱና ጮክ ብለው ማንበብ ጀመሩ። «ይኸው! ደህና ነኝ። ደህና ነኝ። ቀለም አልቋል። ደህና ነኝ። የምስል ማከማቻ፣ ዲስክ ሦስት ከሥራ…»

መነጽራቸውን አደረጉና ዝርዝሩን ወደ ኋላ ገፉት። ዲስክ ሦስት ከሥራ ውጭ መሆኑ ለአሥራ አንድ ቀን በየማለዳው ተነግሯቸዋል፤ በየማለዳውም አጠገቡ የራሳቸው ስምና «አይቻለሁ» የሚለው ቃል ተጽፏል። የበሽተኞቹ ምስሎች ያሉባቸው ዲስኮች ስምንት ናቸው። አንዱ ሲወድቅ ሰባቱ ይሸከሙታል፤ ሁለተኛ ከወደቀ ግን ሁሉም ምስል ይጠፋል። የአምናዎቹ ደግሞ ሌላ ቅጂ የላቸውም።

«ዓይኔ እያየ!» አሉ ጋሽ ደወል። «የስንቱን ሰው ምስል… የባለቤቴንም! እኔ ነኝ ጠባቂው? እኔ?»

ልጅቱ «ነግሬዎት ነበር» አላለችም፤ ጨዋ ናት። «ሰባቱ እየሠሩ ነው ጋሼ። መለዋወጫው የት አለ?» ብላ ተነሣች።

መለዋወጫው እዚያው ሰርቨር ክፍል፣ መደርደሪያው ላይ ነበር። የሞተውን ዲስክ አውጥተው አዲሱን ተኩ። ከሦስት ሰዓት ተኩል ጀምሮ አዲሱ ዲስክ እየተሞላ፣ ሁለቱ ፊት ለፊቱ ተቀምጠው ጠበቁ። ጋሽ ደወል ውሃ እንኳ አልቀመሱም። በመካከሉ ግን ወረቀት ሳቡላትና የመልእክቱን ደንብ ራሳቸው ይናገሩ ጀመር።

«ጻፊ! እጃችንን የማይፈልግ መልእክት ስልክ ላይ አይምጣ፤ በሳምንት አንዴ ተሰብስቦ ይቅረብ። አንድ በሽታ መቶ ጊዜ አይነገር። ስልክ ላይ የሚመጣው ምን እንደተበላሸና ምን መደረግ እንዳለበት ይናገር። ደግሞ ማንም ብቻውን አንዲት መልእክት እንዳይዘጋ! ሁለት ሰው ይፈርምበት።»

«ይቺ የመጨረሻዋ እኔም ያላሰብኳት ናት» አለች ልጅቱ ከልቧ።

ስምንት ሰዓት ከሩብ ሲሆን ዲስኩ ሞልቶ ስምንቱም አረንጓዴ አበሩ። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሐኪሙ ሁለቱን ምስሎች ጎን ለጎን ከፍቶ ነጥቧን ለካ። አንዲት ፀጉር ታህል አላደገችም።

በሳምንቱ ለጋሽ ደወል በቀን የሚደርሳቸው ከአምስት መልእክት አይበልጥም ነበር። አምስቱንም መነጽራቸውን አድርገው ያነቧቸዋል። ሠራተኞቹ ምሳቸውን ሳይቋረጡ መብላት ጀመሩ፤ የታመመ ማሽንም በታመመበት ቀን ይታከማል። መልእክት መቀነስ ጥበቃን ማላላት ሳይሆን ማጥበቅ መሆኑን ያኔ የተጠራጠሩት ሰውዬ አሁን ለሌሎች ክፍሎች ያስተምራሉ።

አንድ ቀን ባለቤታቸውን በክንዳቸው ይዘው ደረጃውን ሲወርዱ ልጅቱን አገኟት።

«አንድ ነገር ግን ጨምሪበት» አሏት። «መልእክቱ ደርሶኝ በሩብ ሰዓት ውስጥ ሥራውን ካልጀመርኩ ላንቺ ይደወል።»

«ኧረ እርስዎን ማን ይጠራጠራል ጋሼ?»

«እኔ» አሉ ጋሽ ደወል፤ የባለቤታቸውንም ክንድ ጠበቅ አድርገው ያዙ።