በበጀት ያልተጻፈው እራት

ሊማሊሞ ላይ ናዳ ወርዶ ከሽሬ የሚመጣው አውቶቡስ በዘገየበት የሰኔ ቀን፣ አቶ የሺዋስ ደባርቅ መናኸሪያ ተቀምጠው ሳለ የቀድሞ ተማሪያቸው ጤናዬ ድንገት አገኘቻቸው። እሳቸው በዩኒቨርሲቲ የእንስሳት በሽታ መምህር ናቸው፤ እሷም እዚያው ማስተማር ከጀመረች ዓመቷ ነው። በአክብሮት እጅ ነስታ አጠገባቸው ተቀመጠች።

አቶ የሺዋስ ደስ ብሏቸው ነበር። የጃናሞራን በግ የሚፈጀውን የሳንባ በሽታ ለማጥናት ለአንድ የውጭ ድርጅት የሚላከውን ፕሮፖዛል ጨርሰዋል። ነገ ካልተላከ ጊዜው ያልፋል። በተለይ በጀቱን እንድታየው ሰጧት፤ ከእሳቸው ያነሰ ገንዘብ የሚጠይቅ እንደሌለ እርግጠኛ ነበሩና።

ጤናዬ በጀቱን እስከ መጨረሻው አነበበች። ከዚያ የማደሪያው፣ የበቅሎውና የመንገድ መሪው ወጪ የት እንዳለ ጠየቀቻቸው።

አቶ የሺዋስ ሳቁ። የአገራችን ገበሬ ባለሆቴል አይደለም አሏት። ባላገር በነጻ የሚሰጠውን ከፈረንጅ መለመን አገርን ማዋረድ ነው፤ ደግሞም ትንሽ የጠየቀ ቶሎ ይፈቀድለታል። ባለፈው ጥናት እዚያው ጃናሞራ፣ ደረስጌ አጠገብ ከወይዘሮ ዘቢደር ቤት ከነረዳቶቻቸው ሲከርሙ፣ የሴትዮዋ ፊት አንድ ቀን እንኳ ሲጠቁር አላዩም።

«ጋሼ፣ ዘቢደር እኮ አክስቴ ናት» አለች ጤናዬ።

«እንዲያማ ከሆነ አንቺው ምስክር ነሽ። እንዴት ያሉ ደግ ሴት ናቸው።»

«ደግ ናት። ለዘር ያስቀመጠችውን ገብስ እንዳበላቻችሁ ያወቅነው ዘር ሲደርስ ነው። የምትዘራው ስታጣ መሬቷን ለሌላ አራሽ የእኩል ሰጠች፤ የምርቷ ግማሽ የእሱ ሆነ።»

«ታዲያ ለምን አልነገሩኝም?»

«ለእንግዳ ቤቴ ባዶ ነው ይባላል? እርስዎ ዳባት ተወልደው ይህ ጠፋዎት?»

አቶ የሺዋስ ተቆጡ፤ ቁጣቸው ግን የሚያርፍበት አጣ። ድርጅቱ ወጪው በዛ ብሎ ቢጥለውስ ሲሉ ተከራከሩ።

«ሀብታሙን እንዳይከፋው ብለን ድሃዋን አሸከምናት» አለች ጤናዬ። «መንደሩ ሁሉ አይቷል። ዘንድሮ በር ቢዘጋብዎ የታመመውን በግ ማን ያሳይዎታል?»

አቶ የሺዋስ ወረቀቱን ተቀብለው ብዕራቸውን አወጡ። አውቶቡሱ ከመጣ በኋላ እስከ ጎንደር ድረስ፣ የበቅሎ ኪራይ በቀን ስንት እንደሆነ፣ የአንድ እንግዳ እራት ምን ያህል እህል እንደሚፈጅ እየጠየቋት በጀቱን እንደ አዲስ ጻፉ።

ድርጅቱ ሳይከራከር ፈቀደ። ያ ሁሉ ይሉኝታ ለማን እንደነበር ሲያስቡት አፋቸው መረረ።

ጥናቱም ሰመረ። የሥራው ዋጋ የተከፈለው ገበሬ የታመመ በጉን አልሸሸገም፤ በቅሎ የጠፋበት ቀን አልነበረም፤ የበሽታው ምንነት ታውቆ ክትባቱ መንደር ለመንደር ተዳረሰ። ወጪውን በእውነት የጻፈ ሰው ሥራውንም በእውነት እንደሚጨርስ አቶ የሺዋስ ለተማሪዎቻቸው ማስተማር ጀመሩ።

ያላስተማሩት አንድ ነገር አለ። የማደሪያውን ገንዘብ ይዘው ወደ ወይዘሮ ዘቢደር ሲሄዱ፣ እምቢ ቢሉኝ ብለው መንገዱን ሁሉ የልመና ቃል ሲያዘጋጁ ነበር።

ልመናው አላስፈለገም። «ድሮ ቢሆን ለእንግዳ እራት ገንዘብ ሲሰጡኝ ከቤቴ አስወጣዎት ነበር» አሉ ወይዘሮ ዘቢደር፤ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው ገንዘቡን ለመቀበል እጃቸውን ዘረጉ።