ጓሳን ላነሳ ስል

ጓሳን አይቶ ዝም ብሎ የሚያልፍ ሰው ካለ ዓይኑን ይመርመር! መስከረም ነው፤ እኔና ጓደኛዬ ደረጀ የጸደይን ተራራ ፎቶ ለማንሳት በእሱ አሮጌ መኪና መንዝ ወጥተናል። ጭጋጉ ድንገት ሲገለጥ ያ ሁሉ ሣር ጤዛውን እንደተሸከመ ወለል አለ። «አቁም! አቁም!» ብዬ መኪናው በቅጡ ሳይቆም ዘለልኩ። ካሜራዬን ስደቅን፣ «አንተ! ምን ልታደርግ ነው?» የሚል ድምፅ ከኋላዬ መጣ። ባና የደረቡ ሽማግሌ ናቸው፤ የሣሩ ጠባቂ። እኔ በደስታ ሰክሬ፣ «ጓሳን ላነሳ ነው አባባ!» አልኳቸው። ለካ ጓሳ የቦታው ብቻ ሳይሆን የሣሩም ስም ነው!

ዱላቸው ከፍ አለ። «አገር ዘግቶ የጠበቀውን፣ እኛ እንኳ እፍኝ ያላጨድነውን፣ አንተ በመኪና መጥተህ ልታነሳ?» ደረጀ በሳቅ ፈረሰ። «መልኩን ነው እንጂ ሣሩንማ አልነካም!» ብዬ ካሜራውን ዓይናቸው ላይ አስጠጋሁላቸው። ከዳር እስከ ዳር ቃኙና፣ «አይጎድልም?» አሉኝ።

«አንዲት ሰበዝ አይጎድልም!»

«እንግዲያ አንሳ።»

አነሳሁ፣ አነሳሁ፣ ፊልሙ ሊያልቅ አንዲት ብቻ ስትቀረው፣ «በሉ እኔንም አንሱኝ» አሉ። ደስታዬ! «እዚያች እንደ ምሰሶ በቆመችው የጅብራ ተክል አጠገብ ይቁሙልኝ» ብዬ ካሜራውን አስተካክዬ ባይ፣ ጅብራዋ ብቻዋን ቆማለች። ዞር ስል ሽማግሌው መኪናው ውስጥ ተመቻችተው፣ ዱላቸውን በጉልበታቸው መሀል አቁመው ተቀምጠዋል።

«የጥበቃ ተራዬን ጨርሻለሁ፤ ቀዬዬ ድረስ አንሱኝ ነው የምለው!»