አውሎ ነፋስን ከማን ጋር እንጠብቅ?

ሆሱዌ ውሃ የሞሉ ሁለት ጀሪካኖች አንጠልጥሎ የተማሪዎች ማደሪያውን ደረጃ ሲወጣ፣ ከላይ ከሚወርዱ ሽማግሌ ጋር ከመላተም ለጥቂት ተረፈ። ቀና ቢል አያቱ ዶን ካሲሚሮ ናቸው።

«አባባ! በዚህ ቀን ምን እግር ጣለዎት?»

«አንተን ፍለጋ ነዋ! ያገኘሁትን ሁሉ ብጠይቅ ሆሱዌ የሚባል የሚያውቅ ጠፋ። እዚህ ግቢ የምትማረው ተደብቀህ ነው?»

ሆሱዌ አፍሮ ሳቀ። ከሰው ጋር ከመጫወት ይልቅ መስኮት ስር ተቀምጦ የማያጉዌስ ከተማን ባሕር ማየት የሚወድ፣ በሐሳብ ጭልጥ ሲል ምሳ የሚያልፈው ልጅ ነበር።

«አሁን ልብስህን ያዝና ውረድ» አሉ ሽማግሌው። «ነገ አውሎ ነፋሱ ይገባል ብሏል ሬዲዮው። ወደ ቶርሜንቴራችን እንሂድ።»

ቶርሜንቴራ የሚሉት የሽማግሌው አባት በመንደራቸው ተራራ ጎን ላይ ቆፍረው በግንድና በቆርቆሮ የከደኑትን የነፋስ መጠለያ ነው። ድሮ ነፋስ በመጣ ቁጥር ዘመድ አዝማዱ ሁሉ እዚያ ይገባ ነበር። ዛሬ ግን ከፊሉ ሞቶ፣ ከፊሉ ባሕር ተሻግሮ፣ ለዶን ካሲሚሮ የቀራቸው ይህ አንድ የልጅ ልጅ ነው።

«አልሄድም አባባ። እርስዎም አይመለሱ።»

«አንተ ባትመጣ ብቻዬን እገባለሁ። ያ ጉድጓድ አንድ ቀን አሳፍሮን ያውቃል?»

«ከነፋስ አድኗችኋል፤ አልክድም። የአሁኑ ፍርሃቴ ግን ዝናቡ ነው። ከበላዩ ያሉት የቡና ጥላ ዛፎች ሲቆረጡ አፈሩን የሚይዘው ሥር አብሮ ሄደ። አምና አጥራችን ወደ ታች የተንሸራተተው በምን ምክንያት ነው?»

«ከብት ገፍቶት ነዋ!»

«ከብቶቹን ከሸጧቸው ስንት ጊዜ ሆነ?»

ዶን ካሲሚሮ ባርኔጣቸውን አውልቀው ራሳቸውን አከኩ። ሰው የኖረበትን ልማድ በአንድ ጥያቄ አይተውምና ወዲያው በሌላ በኩል መጡ።

«ይሁን፤ የእኔው ይናድ እንበል። አንተስ ምን አዘጋጀህ?»

ሆሱዌ ክፍሉን ከፍቶ አሳያቸው፤ ብስኩትና የታሸገ ዓሣ፣ የእጅ ባትሪ፣ በላስቲክ የተጠቀለሉ የትምህርት ወረቀቶች።

«መስኮቱ ላይ ፕላስተር መለጠፍ እንኳ አታውቅም? ግራና ቀኝ አጠላልፈህ!»

«ፕላስተር መስታወቱን አያጠነክረውም አባባ። ሲሰበር ስብርባሪው ትልልቅ ሆኖ ይመጣል። ይልቅ እኛ ከመስኮት ርቀን መስኮት የሌለው ኮሪደር ውስጥ እንቀመጣለን።»

«እኛ? እናንተ እነማን ናችሁ?»

ሆሱዌ በኮሪደሩ ወዳሉት የተዘጉ በሮች ተመለከተ።

«እዚህ ማን ይኖራል?» አሉ ሽማግሌው፣ ከክፍሉ አጠገብ ያለውን በር በጣታቸው እየመቱ።

«አላውቅም።»

«እዚያስ?»

«ጊታር የሚመታ ልጅ ነው። ስሙን ግን...»

«እኔ ጉድጓዴ ውስጥ መብራት ሲጠፋ ስም እጠራለሁ። ያልመለሰውን በእጄ ዳብሼ አገኘዋለሁ። አንተን እዚህ ማን ይጠራሃል? ባትሪህ?»

ነገሩ ልጁን ዘልቆ ወጋው። ጀሪካኖቹን አስቀምጦ፣ እስከዚያ ቀን አድርጎት የማያውቀውን አደረገ፤ የጎረቤቱን በር አንኳኳ። ከፋቿ ያሪሊስ የምትባል ቀጭን ልጅ ነበረች፤ አስም አለባት፤ የምትስበው መድኃኒት እያለቀ መሆኑንም ነገረቻቸው። ጊታር መቺው ዊልሜር ደግሞ ባሕር ማዶ ካለችው ዶሚኒካን የመጣ ነበር። «ሰው ሁሉ ወደ ቤቱ ሄደ፤ እኔ ባሕር ዋኝቼ ልሻገር?» ብሎ አሳቃቸው።

ሽማግሌው ግን አልሳቁም። «እናትህ ዛሬ እንቅልፍ የላትም» አሉት። ከዚያ ወደ ሆሱዌ ዞረው «እሺ፣ እዚሁ ከእናንተ ጋር አድራለሁ፤ መኪናዬን የት ላቁማት? ግን መጀመሪያ ያችን ልጅ መድኃኒት ቤት እናድርሳት» አሉ። የማደሪያው ኃላፊም አያትየው እንዲያድሩ ፈቀደች።

በማግስቱ ቀትር ላይ ሰማዩ ጠቆረ፤ መብራት ሄደ፤ ነፋሱ በበሮቹ ስር እያፏጨ ገባ። ከሆሱዌ ክፍል የመስታወት መሰበር ድምፅ ተሰማ። ዶን ካሲሚሮ ኮሪደሩ ውስጥ ተቀምጠው ስም ይጠሩ ጀመር።

«ዊልሜር!»

«አለሁ፣ ዶን!»

«ሆሱዌ!»

«አለሁ!»

«ያሪሊስ!»

ዝም። «ያሪሊስ!»

ሆሱዌ በጨለማው ግድግዳውን እየዳበሰ ሄደ፤ እጁ ትከሻዋን አገኘ። ትንፋሿ ተቆርጦ መናገር አቅቷት ነበር። ዊልሜር ባትሪ አበራ፤ መድኃኒቱን ከቦርሳዋ አወጡላት፤ ሳበች፣ ደግማ ሳበች። ከቆይታ በኋላ በቀጭን ድምፅ «አለሁ» አለች።

መንገዱ ሲከፈት አያትና የልጅ ልጅ ወደ ተራራው ወጡ። ሆሱዌ ከመነሳታቸው በፊት አልጋው ላይ የተበተነውን መስታወት አይቶ ነበር። ቶርሜንቴራው የነበረበት ቦታ ቀይ ጭቃ ሆኗል፤ አፉ የት እንደነበር እንኳ አይለይም። ሽማግሌው ባርኔጣቸውን አወለቁ።

«እውነትህን ነው» አሉ በመጨረሻ። «ውሃና ምግብ አስቀድሞ መያዝ፣ መድኃኒት ሳያልቅ መግዛት፣ ወረቀትን ከእርጥበት መጠበቅ፣ ከመስታወት መራቅ ሕይወት ነው። ከሁሉም በላይ አባቴ ቆፈረው ብሎ የሚናድ ቦታ ውስጥ አለመግባት።»

«ስም መጥራቱስ፣ አባባ?»

«እሱንማ ከጭቃው አውጥተነዋል» አሉና ባርኔጣቸውን መልሰው ደፉ። «ደግሞ ስትመለስ ከአንተ በላይ ያለውንም ፎቅ አንኳኳ።»