የወረፋው ድንጋይ

ሰሜን ኬንያ፣ ዋጂር ከተማ ውስጥ የጤና ጣቢያ ወረፋ የሚያዘው በድንጋይ ነው። ከተማ የምትኖር እናት ማለዳ ድንጋይዋን በሩ ላይ አስቀምጣ ቤቷ ትመለሳለች። ከገጠር፣ ከግመሎቹ ዘንድ የምትመጣዋ ግን ስትደርስ የሰው ድንጋይ ሁሉ ቀድሟታል።

አንድ ቀን ለትምህርት ቤታችን ፋሻ ልለምን ጎራ ስል፣ ዘበኛው ሽማግሌ ጉሌድና አዲሷ ነርስ ኢዲል ሲከራከሩ ደረስኩ። ከገጠር የመጣች ሹክሪ የምትባል እናት ተቅማጥ ያደከመው ሕፃን ታቅፋ ቆማለች። ጉሌድ ድንጋይሽን ከኋላ አድርጊ ብለዋታል።

«ልጄ፣ እኔ ለሁሉም እኩል ነኝ» አሉ። «የሹም ሚስት እንኳ ከተራዋ አታልፍም። ዛሬ ይህን ካፈረስኩት ነገ ማን ይሰማኛል?»

«እርስዎንማ ማን ያማል፣ አጎቴ» አለች ኢዲል በለሰለሰ ድምፅ። «ግን ማለዳ ድንጋይ የሚያስቀምጠው እዚሁ ያደረ ነው። በዚህ አያያዝ የገጠሩ ልጅ ሁልጊዜ መጨረሻ ነው።»

«ታዲያ ቀደም ብላ አትነሳም?»

«መንገድ ላይ ነው ያደረችው።» ኢዲል የሕፃኑን ሆድ ቆንጠጥ አድርጋ ለቀቀችው፤ ቆዳው እንደተነሳ ቆየ። «ይዩ፣ ሰውነቱ ውስጥ ውሃ አልቆበታል። ጉድጓድ ላይ ቢሆኑ፣ በጥም የወደቀችን የእንግዳ ግመል ተራ ጠብቂ ይሏት ነበር?»

ጉሌድ የግመል ሰው ናቸው። ሕፃኑን ጎንበስ ብለው አዩትና «እሷማ ትቀድማለች» አሉ። በሩንም ራሳቸው ከፈቱ።

ከሰዓት በኋላ ሕፃኑ በማንኪያ የሚሰጡትን ውሃ ጠጥቶ ሲያለቅስ፣ ዕንባው ወረደ። ኢዲል እሰይ ብላ ሳቀች፤ ያ ዕንባ ውሃው ወደ ሰውነቱ መመለሱን ስለሚያሳይ ለእሷ የምሥራች ነበር። ይህችን ልጅ የማደንቃት ለዚህ ነው፤ ሽማግሌውን ሳታዋርድ አሳመነቻቸው።

ከዚያ ወዲህ ጉሌድ የመጣውን ሕፃን ሁሉ ያያሉ። መጥባት ያቃተው፣ ትንፋሹ የፈጠነ ይቀድማል፤ ሌላው በድንጋዩ ተራ ይገባል። የገጠር እናቶች ተራ ሳይደርሳቸው መመለሳቸው ስለቀረ፣ ልጃቸውን ገና ሳይደክም ያመጡታል። የከተማው ልጅ ጥቂት ቢጠብቅ እንጂ ያጣው ነገር የለም።

ባለፈው ሳምንት የጉሌድ ልጅ ሁቦ ልጇን ይዛ መጣች፤ ድንጋይዋ የመጀመሪያው ነበር። በዚያው ቅጽበት አንዲት የገጠር እናት የሚያለከልክ ሕፃን ይዛ ደረሰች። ጉሌድ የገጠሯን እናት አስቀድመው አስገቡ።

«አባዬ፣ በገዛ የልጅ ልጅህ ላይ?» አለች ሁቦ አኩርፋ።

«የኛው ጉንፋን ነው የያዘው፤ ያኛው ትንፋሽ አጥሮታል። ነይ ተቀመጪ» አሏት። የልጅ ልጃቸውን ተቀብለው ጭናቸው ላይ አስቀመጡና አብረዋት ተራ ጠበቁ።