የአቶ ደምመላሽ እጅና የማሽኑ ኑዛዜ

ማክሰኞ ጠዋት ጅግጅጋ ያር ከሚባለው ሰፈራችን ወደ መሃል ከተማ በሚወርደው ሚኒባስ ውስጥ ከአቶ ደምመላሽ ጋር ጉልበት ለጉልበት ተጋጥመን ተቀመጥን። እኔ ሰነድ ተርጓሚ ነኝ። በሰው ጉዳይ ጣልቃ መግባትም እወዳለሁ፤ ይህን ጠባዬን ባለቤቴ ወሬኛነት ትለዋለች፣ እኔ ግን ምክር እለዋለሁ።

አቶ ደምመላሽ ወደ ስልሳ የሚጠጉ፣ ኮታቸውን በሙቀትም የማያወልቁ ሰው ናቸው። በ26 ጁን ሰፈር ባለው የወይዘሮ ማርያን የሠርግ አዳራሽ የመብራትና የኮምፒውተር ኃላፊ ሆነው አራት ዓመት ሠርተዋል። አንዲት ልጃቸው ዳግማዊት ደግሞ በአሥራ ሁለተኛው ቀን ደብረ ብርሃን ላይ ልትዳር ነው።

«ለሠርጉ መቼ ይነሳሉ?» አልኳቸው።

«አልሄድም» አሉ፣ በመስኮቱ ወደ ውጭ እያዩ።

«እንዴት? አባት የሌለበት ሠርግ?»

«ማሽኑን ለማን ጥዬ ልሂድ፣ ወንድሜ? ባለፈው ወር ዘመድ ልሸኝ አንድ ቅዳሜ እስከ ድንበሩ ውጫሌ ብወርድ የሆነውን ሰምተሃል። ሁለት ሙሽሮች በአንድ ቀን፣ በአንድ ሰዓት፣ በአንድ አዳራሽ! አንደኛው ወገን በመኪና ማቆሚያው ላይ ጨፈረ። እጄ ስለሌለ ነው።»

ስለ እጃቸው ልንገራችሁ። አቶ ደምመላሽ በየጠዋቱ ኮታቸውን አስተካክለው፣ በአዳራሹ ጓዳ ወዳለው ኮምፒውተር ይገቡና መዳፋቸውን በጀርባው ላይ ያሳርፋሉ። ከሞቀና ንዝረቱ ከተሰማቸው «ደህና አድሯል» ብለው ይወጣሉ። ከሰዓትም እንዲሁ፣ ማታም እንዲሁ። የዕረፍት ቀናቸውም ቢሆን በሚኒባስ ሄደው ይዳስሱታል። በልጃቸው ሠርግና በዚህ መዳፍ መካከል መዳፉን መምረጣቸውን ግን ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም። ሥራዬን ጥዬ ተከትያቸው ወረድኩ።

በጓዳው ውስጥ ኒሞን አገኘናት። ኒሞ ጅግጅጋ ተወልዳ አዲስ አበባ ኮምፒውተር ያጠናች፣ አማርኛዋ ከእኔ የጠራ ወጣት ናት። አዳራሹ ውስጥ መብራቱን፣ ጄኔሬተሩንና የውሃ ሮቶውን ችግር ሲገጥማቸው ለስልክ መልእክት እንዲልኩ ያደረገችው እሷ ነች። ስታየን ከወንበሯ ተነሳች።

«አዴር ደምመላሽ፣ እንደምን አደሩ? ልጅዎን እንኳን ለዚህ አበቃልዎ» አለች። አዴር ማለት በሶማልኛ አጎቴ እንደማለት ነው።

«እግዚአብሔር ይመስገን፣ ልጄ። አንቺ ዛሬ ደግሞ ምን ልትጨምሪ መጣሽ?»

«የማሽኑ ፕሮግራሞችም እንደ ሮቶው መልእክት እንዲልኩ ላደርግ ነው፤ ከእንግዲህ መታመማቸውን ራሳቸው ይነግሩዎታል።»

አቶ ደምመላሽ መዳፋቸውን ማሽኑ ላይ አሳረፉ። «ከነገሩ ጦም እደሩ! ይኸው ሞቋል። ደህና ነው። የሞቀ ነገር ታሞ አያውቅም።»

«አዴር፣ ትኩሳት ያለበት ሰውም ይሞቃል» አለች ኒሞ።

ሳቄን ለማፈን ወደ ግድግዳው ዞርኩ።

«ይቅርታ ያድርጉልኝና» ቀጠለች፣ «እርስዎ የተከራዩት ግቢ ስንት ክፍል አለው?»

«ስድስት።»

«ይሄም ማሽን እንደዚያ ግቢ ነው። ውስጡ ያሉት ፕሮግራሞች ተከራዮች ናቸው። የቀጠሮው መዝገብ በአንዱ ክፍል፣ የካሜራው በሌላው፣ የሙዚቃው በሌላው። እኛ ክፍሎቹን ኮንቴነር እንላቸዋለን። አንዱ ቢታመም ሌላው እንዳይያዝ በራቸው ለየብቻ ነው። ባለፈው ዓመት ጎረቤትዎ ባሬ በወባ ሲማቅቅ ማንም ሳያውቅ ስንት ቀን ቆየ?»

አቶ ደምመላሽ አንገታቸውን ደፉ። «ሦስት ቀን። ግቢው ውስጥ ሬዲዮ ይጮሃል፣ ልጆች ይስቃሉ፣ ማን ይጠርጥር?»

«እርስዎም በየቀኑ የሚዳስሱት የግቢውን አጥር ነው።»

ይህ ጥሩ ምሳሌ ነበር፤ እኔ ቀድሜ ስላላሰብኩት ትንሽ ቀናሁ። ሽማግሌው ግን በምሳሌ ብቻ የሚረቱ ሰው አይደሉም። ስለዚህ ኒሞ ፈተና አቀረበች። ከሦስቱ ፕሮግራሞች ያሻትን አንዱን ልታቆም፣ እሳቸው በመዳፋቸው የቆመውን ሊለዩ። ተስማሙ። እጅጌያቸውን ሰበሰቡ፣ ዓይናቸውን ጨፈኑ፣ ማሽኑን እንደ ሐኪም ዳበሱት።

«የካሜራው ነው የቆመው» አሉ።

«የሙዚቃው ነበር።»

«እንደገና!»

እንደገና ሳቱ። በሦስተኛው ማሽኑን አገላብጠው ከዳሰሱ በኋላ «ሁሉም ሞተዋል» ብለው አወጁ። ኒሞ በዚያኛው ዙር አንዱንም አልነካችም ነበር።

«ዛሬ እጄ ቀዝቅዞ ነው» አሉ፣ ወደ ኪሳቸው እየከተቱት።

«ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ይባላል» አለች ኒሞ ድምጿን ዝቅ አድርጋ። «ማሽኑ የሚሆነውን ሁሉ ይጽፋል። ስለዚያ ቅዳሜ የጻፈውን ላሳይዎት?»

በማያ ገጹ ላይ አንድ መስመር ጠቆመችልን። የቀጠሮው መዝገብ የቆመው ሐሙስ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ ነበር። አቶ ደምመላሽ መነጽራቸውን አወለቁ፣ ጠረጉ፣ መልሰው አደረጉ።

«ሐሙስ እኮ እዚሁ ነበርኩ።»

«አዎ። ዓርብም ነበሩ። መዝገቡ ቆሞ ስለነበር ሁለተኛውን ሙሽራ የአዳራሹ ጸሐፊ በወረቀት መዘገበች፤ ቀኑ መያዙን የሚነግራት አልነበረም። ወላሂ፣ ውጫሌ ባይወርዱም ያው ይሆን ነበር።»

ሽማግሌው ወንበር ስበው ተቀመጡ። እኔ ያፈሩ መስሎኝ ነበር፤ እሳቸው ግን አንድ ወር ሙሉ የተሸከሙትን ጥፋት አውርደው መተንፈሳቸው ነበር። ዓይናቸው እንባ አቀረረ።

ክርክሩ ግን አላበቃም። «ይሁን» አሉ። «ፕሮግራም ሲታመም ማሽኑ ይናገርለት። ማሽኑ ራሱ ድርግም ቢልስ? የሞተ እንዴት ብሎ ሞቻለሁ ይላል?»

ኒሞ ይህን ጥያቄ ስትጠብቅ የቆየች ይመስላል። በግድግዳው ላይ የተሰቀለች ትንሽ ሳጥን አሳየችን። «መልእክት አቀባዩ የሚኖረው እዚህ ውስጥ ነው፤ የራሱ ባትሪ አለው። ማሽኑ ገና ጠዋት ሲነሳ እሱ ዘንድ ኑዛዜ ያስቀምጣል። ‹ድምፄ ከጠፋ፣ መሞቴን ለአቶ ደምመላሽ ንገርልኝ› ይላል።»

«ኑዛዜ?» አቶ ደምመላሽ ወደ እኔ ዞሩ። «እኔ እንኳ እስካሁን ያልተናዘዝኩ፣ ይሄ ቆርቆሮ ተናዘዘ?»

«ይንቀሉት» አለች ኒሞ።

ገመዱን ነቀሉት። ጓዳው ጸጥ አለ። እስከ ሃያ እንኳ ሳንቆጥር የኮታቸው ኪስ ጮኸ። ስልካቸውን አውጥተው ጮክ ብለው አነበቡ፦ «ማሽኑ ጠፍቷል።» ከዚያ ራሳቸው የነቀሉትን ረስተው «ነፍሱን ይማር!» አሉ።

ገመዱን መልሰው ከሰኩ በኋላም አንድ ነገር ሆዳቸው ውስጥ ቀርቶ ነበር። «እንግዲህ እሱ ሁሉን ከተናገረ» አሉ ቀስ ብለው፣ «እኔ ምን ልሠራ ነው?»

«እሱ መታመሙን እንጂ ለምን እንደታመመ አያውቅም፤ መድኃኒቱን የሚያውቁት እርስዎ ነዎት። አዴር፣ ሮቶው ውሃ ማለቁን በመልእክት መናገር ከጀመረ ወዲህ ጣሪያ ላይ ወጥተው ያውቃሉ?»

«ምን በወጣኝ! ጉልበቴ...»

«የውሃ ቦቴውን የሚጠራው ማነው?»

«እኔ ነኛ!»

«ታዲያ?»

አቶ ደምመላሽ ስልካቸውን ለኒሞ ሰጧት። «የፕሮግራሞቹንም መልእክት እዚች ላይ አድርጊልኝ። ፊደሉ ጎላ ይበል።»

እኔም ይህን ጊዜ ተነስቼ ንግግር አደረግሁ። ልማድ ስለቆየ ብቻ እውነት እንደማይሆን፣ አስቀድሞ የሚናገር መሣሪያ እንግዳን ከሐፍረት፣ አዳራሽን ከጭቅጭቅ እንደሚያድን፣ ጠባቂው ከዘብነት ነፃ ሲወጣ ለቤተሰቡ ሰው እንደሚሆን አስረዳሁ። በንግግሬ መካከል ኒሞ ስልኩን አስተካክላ ጨረሰች፤ አቶ ደምመላሽም ለወይዘሮ ማርያን ደውለው ፈቃድ ጠየቁ። ወይዘሮዋ «አራት ዓመት ሙሉ ሂድ ስልህ አልነበር?» ብለው ሲጮሁ እኔም ሰማሁ። የእኔን ንግግር ማን እንደሰማው አላውቅም።

በሠርጉ ዕለት፣ ጥር አሥራ ስምንት ቀትር ላይ፣ ስልኬ ጠራ። ከወዲያ ከበሮና እልልታ ጆሮዬን ሊበጥሰው ደረሰ።

«ተርጓሚው!» አሉ አቶ ደምመላሽ። «አሁን ዳግማዊት ጉልበቴን ስማ ልመርቃት ስል ኪሴ አይጮህ መሰለህ! የቀጠሮው መዝገብ ቆሟል ይላል።»

ደነገጥኩ። «እና ምን አደረጉ? ምርቃቱን አቋረጡ?»

«ኒሞ ያሳየችኝን ተጫንኩ፤ ወዲያው ተነሳ። አሁን ደህና ነው ይላል።» ከዚያ ድምፃቸው ተቀየረ። «የተጫንኩት በግራዬ ነው፣ ወንድሜ። ቀኝ እጄን ከልጄ ራስ ላይ አላነሳሁም።»