መብራት ሲጠፋ የተፈተንኩት ፈተና

አሁንም ሳስበው ያንገበግበኛል። አየር ጤና አንድ መጋዘን ዕቃ የሚደረድር ሰው ሲቀጥር፣ ልጄን ለጎረቤት ትቼ ሄድኩ። ፈተናው በቪአር መነጽር ነው፤ በመነጽሩ ውስጥ የሚታየውን ካርቶን እያነሱ መደርደሪያ ላይ ማስቀመጥ። ከእኔ በፊት የገባችው ልጅ ቀልጠፍ ብላ ጨረሰች። እኔ መነጽሩን እንዳጠለቅኩ መብራት ጠፋ። መነጽሩ የተገናኘበት ላፕቶፕ በባትሪ ቀጠለ፤ ምስሉ ግን ይቆራረጥ ጀመር። ጭንቅላቴን ሳዞር መደርደሪያው ቆይቶ ይከተለኛል፤ ካርቶኑን ያዝኩት ስል እጄ አልፎታል።

«ወንድሜ፣ ምስሉ ስታክ እያደረገ ነው» አልኩት ፈታኙን።

«እህቴ፣ ሰበብ አታብዢ። ቀርፋፋዋ አንቺ ነሽ፤ ወድቀሻል።»

ወዲያው መብራት መጣ። «እንግዲያው ልድገመው» ስለው፣ «አንድ ሰው አንዴ ነው» ብሎ ቀጣይዋን ጠራ። ዝምተኛ ነኝ፤ የዚያን ቀን ግን ደሜ ፈላ። የላፕቶፑን ቻርጀር ነቀልኩና «እስቲ አንተ ሞክረው!» አልኩት። ወረፋ የያዙት ሴቶችም «ይሞክር! ይሞክር!» አሉ። አጠለቀው። ካርቶኖቹን ጣጥሎ፣ ጠረጴዛውን በጉልበቱ መትቶ አወለቀና፣ «ባትሪ ላይ ሲሆን ኮምፒውተሩ ይደክመዋል» አለ።

«አንተ ስትሆን ኮምፒውተሩ ደከመው፣ እኔ ስሆን ቀርፋፋ ነኝ?» ብዬ ቻርጀሩን መልሼ ሰካሁና መነጽሩን ከእጁ ነጥቄ አጠለቅኩ፤ ፈተናውንም እንደገና ጀመርኩ።