ጎማ ያለው ምግብ ቤት

ከሲቀላ ወደ ሴቻ በሚወጣ ሚኒባስ ውስጥ አንዲት ሴት አጠገቧ ለተቀመጡ አዛውንት ስታወራ ሰማኋት።

«አሮጌ መኪና ገዝቼ ዓሣ መጥበሻ አደረግሁት፣ ጋሼ። ንግድ ፈቃድ ስጠይቅ የቤት ቁጥር አምጪ አሉኝ።»

«የሰሌዳውን አትሰጫቸውም?»

«ሰጠሁ። ጎማ ያለው ምግብ ቤት አናውቅም አሉ።»

«ታዲያ?»

«ጎማውን አወለቅሁት።»

«ጎበዝ!»

«አሁን ደግሞ ያለ ፈቃድ ቤት ሠርተሻል ብለው ነገ ሊያፈርሱብኝ ነው።»

«መልሰሽ ግጠሚው!»

«ሸጬ ዘይት ገዛሁበት እኮ። ሌላ መተዳደሪያ የለኝም።»

አዛውንቱ ትንሽ አሰቡ።

«በስንት ሰዓት ነው የሚመጡት?»

«ስድስት ሰዓት።»

«ምሳ ሰዓት ነዋ! ዓሣውን ቀድመሽ ጥበሺ፣ ልጄ። አፍራሽም ይርበዋል።»

ይህንንማ ለወንድሜ ልንገረው ብዬ ስልኬን አወጣሁና፣ ከቀበርነው ገና ሳምንቱ መሆኑ ትዝ ሲለኝ መልሼ ኪሴ ከተትሁት።